አንድ ገንቦ ብርድ ወደ ቡሬ

ወደ ጎጃም የሚሄድ አዲስ አበቤ ብርድ ልብስ ይዞ ይሄዳል እንጂ ብርዱን ራሱን ይዞ አይሄድም። እኔ ይዤ ሄጃለሁ። ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሁሉ «ቡሬ ምን ስትሠራ ከረምክ?» ስለሚለኝ፣ ለእያንዳንዱ ከምለፈልፍ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብያለሁ። መንገዱን ለማታውቁት ከቃሊቲ ጋር እያነጻጸርኩ አስረዳችኋለሁ። ከቃሊቲ ሌላ መለኪያ የለኝም።

ሥራዬ ቶርኖ ነው። ብረቱ ይሽከረከራል፣ ቢላው ይጠጋዋል፣ ብረቱ እንደ ድንች ይላጣል። ጠላታችን ሙቀት ነው። ብረቱ ጠንካራ ሲሆን የቢላው ጫፍ ይግልና ይሞታል። ውሃና ዘይት እናፈስበታለን፤ አንዳንዱ ጉደኛ ብረት ግን ውሃውን ገና ቢላው ጫፍ ሳይደርስ እንፋሎት ያደርገዋል። ለዚህ መድኃኒቱ ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው፤ ውሃ የሚመስል፣ ከዜሮ በታች ሁለት መቶ ዲግሪ ገደማ የሚቀዘቅዝ ነገር። በቀጭን ቱቦ ጫፉ ላይ ከለቀቁበት ቢላው ሳይግል ይሠራል። ሠፈራችን ካለ የጋዝ ማምረቻ እየቀዳሁ ሞክሬዋለሁ። ስሜ ተፈራ ነውና ባልደረቦቼ «የተፈራ ጠበል» ብለው ስም አውጥተውለታል።

ያረጋል እኔ ዘንድ ሙያውን ተምሮ ቡሬ ላይ የራሱን ቶርኖ ቤት የከፈተ ልጅ ነው። አንድ ቀን ደወለና «ጋሼ፣ ይኸ ብረት ቢላ ይበላል» አለኝ። ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ያለ አንድ ደብር የራሱ ወፍጮ አለው። የወፍጮው ዘንግ ተሰበረ። የሰበካው ሰዎች ከአሮጌ ዶዘር የተነቀለ ዘንግ ፈልገው አገኙና፣ ሁለቱን ጫፎች ዘንጉ ለሚሽከረከርበት ኩሽኔታ እንዲያስተካክልላቸው ለያረጋል ሰጡት። ያረጋል ያለውን ቢላ ሁሉ ጨረሰበት። ዘንጉ እምብዛም አልተላጠም።

«ላከውና እዚህ እንሥራው» አልኩት። አይሆንም። ድሮ የደብሩ ደወል ተሰንጥቆ አዲስ አበባ ለጥገና ሄዶ በዚያው ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ አለቃው የደብሩ ብረት አባይን እንዳይሻገር ገዝተዋል። ግዝቱ ብረትን እንጂ ተፈራን ስለማይጨምር፣ የምሻገረው እኔ ሆንኩ።

ይህም ሆኖ ባልሄድኩ። ነገር ግን ያረጋል እውነተኛውን ጭንቀቱን ነገረኝ። አማቱ ወይዘሮ ባንቻየሁ የዚያ ደብር ሰው ናቸው። ወፍጮው ከቆመ ጀምሮ እህላቸውን በጀርባቸው ተሸክመው ቡሬ ይመጣሉ። በየገበያው ቀን ጆንያውን የያረጋል ቶርኖ ቤት ደጃፍ ያሳርፉታል፣ ላዩ ላይ ይቀመጣሉ፣ ዘንጉን ያያሉ፣ ያረጋልን ያያሉ፣ ከዚያ ተነሥተው ወደ ከተማው ወፍጮ ይሄዳሉ። አንዲት ቃል አይተነፍሱም።

«አንድ ቀን እንኳ ቢሰድቡኝ እገላገል ነበር» አለኝ። «ይችን ዘንግ ካልሠራሁ ዕድሜ ልካቸውን አያናግሩኝም ጋሼ።» ድምፁ ተሰባብሮ ሰማሁት። አማት ስታኮርፍ እንዴት እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁና እሺ አልኩ።

የመጀመሪያው ቀን፤ ከአዲስ አበባ ፍኖተ ሰላም

የናይትሮጅኑ ዕቃ አንገቱ ጠባብ የሆነ፣ ግድግዳው ድርብ የአሉሚኒየም ገንቦ ነው። ክዳኑ ላላ ብሎ ይቀመጣል እንጂ አይጠብቅም፤ ከጠበቀ ይፈነዳል። ስለዚህ ሁልጊዜ ትንሽ ትንሽ ይተናል፣ ነጭ ጭስ የመሰለ ነገር ባንገቱ ይወጣል። የእኔው ደግሞ አርጅቷልና ከደንቡ በላይ ይተነፍሳል። የቀረውን ለማወቅ ቀጭን እንጨት ነክሮ ማውጣት ነው፤ አመዳይ የያዘው ድረስ ፈሳሹ አለ ማለት ነው። ስነሣ ሁለት ስንዝር ነበረኝ።

ናይትሮጅን መርዝ አይደለም። የምንተነፍሰው አየር አብዛኛው እሱው ነው። በተዘጋ ቦታ ከበዛ ግን ኦክስጅኑን ገፍቶ ያስወጣል፤ ስለዚህ የአውቶቡሱ መስኮት መከፈት ነበረበት። መስኮት መክፈት ቃሊቲ ታክሲ ውስጥም ጠብ ያስነሳል። ጎጃም በሚሄድ መኪና ውስጥ ግን ሽማግሌ የሚያስቀምጥ ነገር ነው። ከፈትኩት፤ ከኋላዬ አንድ እጅ መጥቶ ዘጋው። ከፈትኩት፤ ሌላ እጅ ዘጋው። ተነሥቼ ስለ ኦክስጅን አስረዳሁ። ካልተከፈተ ራሳችንን ልንስት እንችላለን አልኩ።

«ተከፍቶ በንፋስ ከምንመታ ተዘግቶ ራሳችንን ብንስት ይሻላል» አለ አንዱ፣ ብዙዎቹም ተስማሙ።

አባይ በረሃን ወርደን ወጣን። ሙቀቱ ገንቦዬን አስቆጣው፣ ጭሱ በዛ። ፍተሻ ላይ ሁላችንም ወረድን። ፈታሹ ጎረምሳ የሚጨሰውን ገንቦ ሲያይ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ምንድን ነው ይኸ?»

«ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው። ብረት ስንቆርጥ ቢላውን ለማቀዝቀዝ ነው።»

ባስረዳሁት ቁጥር ይርቃል። ጎኔ ተቀምጠው የመጡት አያ እንየው የሚባሉ የፍኖተ ሰላም አካባቢ ገበሬ ነበሩ። ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደ ፊት ወጡ።

«ልጀ፣ ምን ያስፈራሃል? ይኸ እኮ የኮርማ ዘር ነው። ላም የሚያዳቅሉት ባለሙያዎች የሚይዙትን ገንቦ አታውቀውም ወይ?»

የጎረምሳው ፊት በራ። እናቱም ላም አላቸው መሰለኝ። «ይቅርታ ዶክተር፣ ይለፉ!» አለ። እውነትም የተሻሻለ የኮርማ ዘር የሚቀመጠው በዚሁ ናይትሮጅን ውስጥ ነው፤ አያ እንየው የተሳሳቱት በብዙ አይደለም። የለም ልል አፌን ስከፍት ተሳፋሪው እየገፋ አስገባኝ። ያን ጊዜ ያ ሁሉ እጅ ተነሥቶ መስኮቶቹን እየተሻማ ከፈተ። ለሳይንስ ያልተከፈተ መስኮት ለኮርማ ተከፈተ። ፍኖተ ሰላም እስክንደርስ አንድ ሰው እንኳ በረደኝ አላለም።

ሁለተኛው ቀን፤ ፍኖተ ሰላም

ያረፍኩበት ቤት ባለቤት እትዬ ውባለም ይባላሉ፤ በጓሯቸው አረቄ ያወጣሉ። እንዲህ ያለ ዕቃ ታቅፎ ዝግ ክፍል ውስጥ አይተኛምና ገንቦውን በረንዳ ላይ ትቼው ነበር። ገና ሲነጋ የፍንዳታ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ስወጣ እትዬ ውባለም መሬት ላይ ቁጭ ብለዋል፣ ገንቦው ባንገቱ ይተፋል፣ የበረንዳው ኮርኒስ ላይ ሊጥ ተለጥፏል።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። አረቄ የሚያወጣ ሰው እንፋሎት ሲያመልጥ ካየ መጠጡ እያመለጠ ነው። እሳቸውም አዝነውልኝ፣ የማሰሯቸውን አፍ በሚደፍኑበት በጨርቅና በሊጥ የገንቦዬን አንገት ግጥም አድርገው ደፍነውልኛል።

«አንቱ፣ ምን ዓይነት አረቄ ነው ያወጡት?» አሉኝ፣ ሊጡን ሽቅብ እያዩ።

ደግነቱ ማንም አልተነካም። ሳቄም ንዴቴም እኩል መጣ። እንጨቱን ነክሬ ሳየው ከስንዝር ተኩል በታች ወርዷል። እትዬ ውባለም ካሣ ይሆን ዘንድ ቁርስ አቀረቡ። ጠገብኩ ስል «በሞቴ» ብለው ደገሙልኝ፤ በቃኝ ስል «አፈር ስሆን» ብለው ሠለሱልኝ። እኔ ስበላ ገንቦው ይተናል። ቃሊቲ ውስጥ ጠገብኩ ካልክ ሳህኑ ይነሣል፣ ሒሳብም ይመጣል።

ከግቢው ስወጣ በሩ ላይ ላሞች ታስረዋል። ባለቤቶቻቸው ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ተደግፈው በሥነ ሥርዓት ቆመዋል። ከፊት አያ እንየው ናቸው፤ ከአዲስ አበባ ዶክተር መጣ ብለው ለጎረቤት ነግረዋል።

«ዶክተር አይደለሁም። ብረት ቆራጭ ነኝ» አልኩ።

ፈገግ ብለው አጎነበሱ። የሆነው ነገር የገባኝ ቆይቼ ነው። እዚያ አገር ጨዋ ሰው በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ አይልም። እየራበውም ጠግቤያለሁ ይላል፤ መለመን፣ መገዘት አለበት። እኔ በካድኩ ቁጥር አስተዳደጌን ወደዱት። ሁለተኛ ጊዜ አይደለሁም ስል አንዱ «የጨዋ ልጅ ነው» ሲል ሰማሁ። ሦስተኛ ጊዜ ስል ቄስ አመጡ።

ቄሱ መስቀላቸውን አሳለሙኝና «ልጀ፣ ትሕትና ደግ ነው» አሉ። «ሲበዛ ግን የላም ወራት ያሳልፋል።»

ተስፋ ስቆርጥ በዓይናቸው ይዩት ብዬ ከአጥሩ ላይ አንድ የማንጎ ቅጠል በጠስኩ። ገንቦው ውስጥ ነክሬ አወጣሁና ድንጋይ ላይ ጣልኩት። እንደ ብርጭቆ ተሰባበረ። «አያችሁ? እዚህ ውስጥ የዘር ሽታ የለም። ብርድ ብቻ ነው!»

አያ እንየው ስብርባሪውን በዱላቸው ነካ ነካ አደረጉና ወደ ጎረቤቶቻቸው ዞሩ። «ይኸማ ኃይለኛ ኮርማ ነው» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን በዝርዝር አልጽፈውም። ወደ መኪና መናኸሪያ የሚወስደው መንገድ በአያ እንየው ቤት በኩል ነበር። በወንድማቸው ቤት በኩልም፣ በክርስትና ልጃቸውም ቤት በኩል ነበር። በየቤቱ ጠላ፣ በየቤቱ እርጎ፣ በየቤቱ በትዕግሥት የምታየኝ ላም። ገንቦዬን ሰው እንዳይነካው የተሸከሙልኝ አያ እንየው ራሳቸው ናቸው፤ አንዴም ከትከሻቸው አላወረዱትም። እንዲህ ያለ ደግ ሰው ላይ መቆጣት ኃጢአት መሰለኝና ተቆጥቼ አልተቆጣሁም። በመጨረሻ ከመካከላቸው አንዱ ትዕግሥቱ ሲያልቅ ስልክ አወጣ። ቡሬ ላለችው የወረዳው አዳቃይ ባለሙያ ደውሎ፣ ከአዲስ አበባ የመጣው ዶክተር ገንቦ ሙሉ ይዞ እንቢ አለን ብሎ ከሰሰኝ።

ወደ ቡሬ የሄድኩት በርበሬ በጫነ ሚኒባስ ነው። ሁላችንም እያነጠስን ሄድን፤ ሾፌሩም ጭምር። አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ባነጠስኩ ቁጥር «ይማርህ» ስትል መንገዱ አለቀ። ያረጋል መናኸሪያው ላይ ጠበቀኝ። ከሰላምታ በፊት እንጨቱን ተቀብሎ ነከረ። አመዳዩ አራት ጣት ላይ ነበር።

«ይበቃል ጋሼ?»

«አንዱን ጫፍ ያደርሳል። ከተጣደፍን ሁለተኛውንም።»

ሦስተኛው ቀን፤ ቡሬ

የገበያ ቀን ነበር። መብራትም አለ፤ ያረጋል ሦስቴ አማተበ። ቶርኖው ከእኛዎቹ ያነሰ ቢሆንም ንጹሕ ነው፤ እኔ ዘንድ ሲማር እንዲህ ጠርጎ አያውቅም። ዘንጉን አሰርን። በገንቦው ክዳን ቀጭን ቱቦ አሾለክሁና፣ መውጫ ስላለው አይፈነዳም ብዬ አጠበቅሁት፣ ትንፋሹ ራሱ ፈሳሹን ሽቅብ ገፋው፣ ከቢላው ጫፍ ላይ ነጭ ሆኖ ፏ አለ።

ብዙ ቃል አላበዛም፤ ቆንጆ ነበር። ያ ዘንግ ያረጋልን ሲያሳብድ ፍቅፋቂው በትኩሳት ሰማያዊ ሆኖ ይወጣ ነበር። አሁን እንደ ብር ነጭ ሆኖ፣ እየተሰባበረ ወረደ። ጉሙ ወለሉን ሞላ፣ በበሩ ወጥቶ መንገዱ ላይ ተንሳፈፈ። ገበያተኛው ጥሎ መጣ። አንዲት ሴት ልጇን ብድግ አድርጋ አቀፈች፤ አንድ ሽማግሌ ጫማቸውን አወለቁ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

በዚያ ጉም ውስጥ ወይዘሮ ባንቻየሁ መጡ። ቀጭን፣ ረጅም ሴት ናቸው፤ ጆንያ በጀርባቸው፣ የላም ገመድ በእጃቸው። የፍኖተ ሰላም ወሬ ቀድሞኝ ደብሩ ድረስ ደርሷል፤ ላሚቱ ኮርማ ፈልጋ ነበርና ይዘዋት መጥተዋል። ጆንያውን ደጃፉ ላይ አሳረፉ፣ ላዩ ላይ ተቀመጡ፣ ዘንጉን አዩ፣ ያረጋልን አዩ።

የመጀመሪያው ጫፍ አለቀ። ኩሽኔታው እንደ ጋብቻ ቀለበት ልክክ ብሎ ገባ። ሰው አጨበጨበ። ያረጋል ወደ አማቱ ዞሮ ጠበቀ። ምንም አላሉም። አንገቱን ደፍቶ ዘንጉን ገለበጠና ሁለተኛውን ጫፍ ጀመረ።

እሱን ስንጀምር አንድ ሞተር ብስክሌት በሰዉ መሐል ተሹለክልኮ ደጃፉ ላይ ቆመ። ቦቲ ጫማ ያጠለቀች ወጣት ሴት ከኋላው የእኔን የመሰለ ገንቦ ፈትታ ገባች። የወረዳው አዳቃይ ባለሙያ ስመኝ ናት፤ እሷ ብቻ ምን እንደያዝኩ በትክክል ገብቷታል።

«ዶክተር እንዳልሆኑ አውቃለሁ» አለችኝ። «ናይትሮጅን የሚያመጣልን መኪና ቀርቷል። ገንቦዬ ደርቋል። የወረዳው ዘር በሙሉ እዚህ ውስጥ ነው፣ እስከ ማታ ይሞታል። ምን ቀረዎት?»

እንጨቱን ነከርኩ። ሁለት ጣት። የእሷ ገንቦ ጤነኛ ነው፤ ሁለት ጣቱ መኪናው እስኪመጣ ዘሩን ያቆይላታል። ለእኛም ሁለት ጣቱ ያንን ጫፍ ይጨርስልናል። ለሁለቱም ግን አይበቃም። ቱቦው ደግሞ ይህን ሁሉ ስናወራ እየፈሰሰ ነው።

«ያረጋል» አልኩ። እንዳልሰማ ሆነ። ዓይኑ ዘንጉ ላይ፣ እጁ መሪው ላይ፣ ጥርሱን ነክሷል። ሥራው የእሱ ነው፣ ቃሉም የእሱ ነው፤ ቱቦውን ልነቅልበት አልቻልኩም። ስመኝ እኔን ታያለች፣ እኔ እሱን አያለሁ። እሱ ማንንም አያይም።

ወይዘሮ ባንቻየሁ ከጆንያቸው ላይ ተነሡ።

«ዘሩ እስከ ነገ አይቆይም ወይ?» ሲሉ ስመኝን ጠየቋት።

«አይቆይም እናቴ።»

«የኔ ላም ዛሬ ይደርሳታል?»

«የእርስዎ ዛሬ ይደርሳታል።»

«የነገዎቹስ?»

ስመኝ ወደ ደረቀው ገንቦዋ አየች። ወይዘሮ ባንቻየሁ ጉሙን በነጠላቸው ጠርገው ወደ ቶርኖው ቀረቡ። ከአማቻቸው ጎን ቆሙ።

«አጥፋው ልጀ» አሉት። «እህል በጀርባ ይሄዳል። የሞተ ዘር በምን ይሄዳል?»

ያረጋል ወዲያው አላጠፋውም። ለእሱ መነገሩን ያመነ አልመሰለኝም፤ ዞሮ ከኋላው ሌላ ሰው እንዳለ አየ። ማንም የለም። ከዚያ ማሽኑን አጠፋ። ዘንጉ ቆመ፣ እኔም ክዳኑን አላላሁና ጉሙ ቀስ ብሎ ለቀቀ። ያን ሁሉ ሳምንት ይህን ብረት ቆርጦ ሊያገኘው የፈለገውን ቃል፣ መቁረጡን እንዲያቆም ሲነገረው አገኘው። ዓይኑ እንባ ሞልቶ እንደ ሕፃን ይስቅ ነበር። እኔም አፈርኩና ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

ሁለት ጣቷን ከእኔ ገንቦ ወደ ስመኝ ገንቦ ገለበጥን። ስመኝ መኪናው ሲመጣ ብድሩን ለያረጋል እንደምትመልስ ምላለች። ላሚቱም ከጀርባ ባለው ግቢ ጉዳይዋ ተፈጸመላት። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ እያለ የጨበጠው እኔን ነው፤ ዶክተርነቴ በዚያው ጸና። ያረጋል ቶርኖ ቤቱን ሳይዘጋ ጆንያውን ብድግ አድርጎ ተሸከመና፣ አማቱን ተከትሎ ወደ ከተማው ወፍጮ ሄደ። እኔ በባዶ ገንቦና በግማሽ ዘንግ መሐል ቆሜ ሱቅ ስጠብቅ ዋልኩ።

ማግሥቱን ተነሥቼ ቃሊቲ ገባሁ። ባልደረቦቼ ጠበሉ ሠራ ወይ ብለው ሲሳለቁብኝ የነጩን ፍቅፋቂ ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላቸው። እየተቀባበሉ አዩት።

ያረጋል ትናንት ደወለልኝ። መኪናው አሁንም አልመጣም፤ የስመኝ ዘር በሁለቷ ጣት ገና አለ፤ ሁለተኛው ጫፍ እንዳለ ነው፣ ወፍጮውም እንደቆመ ነው። በየገበያው ቀን ጎህ ሲቀድ ደብሩ ድረስ ይሄድና የአማቱን ጆንያ ተሸክሞ ቡሬ ያደርሳል።

«ታዲያ ያናግሩሃል?» አልኩት።

«እስከ ቡሬ ድረስ ጋሼ» አለኝ። «እስከ ቡሬ ድረስ።»